ዝናብ የሚጠብቅ የትምህርት ዕቅድ

ከሚዛን ተፈሪና ከአማን እስከ ቴፒ በተዘረጋው የቡና ምድር ከታኅሣሥ ጀምሮ ዝናቡ ይቀንሳል። ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ከቆየ በኋላ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት አንድ ደህና ዝናብ ይጥላል። በቅጠሉ ብብት ውስጥ ተኝቶ የከረመው የቡና እንቡጥ ይህን ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይነጣል፤ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥም ማሳው በሙሉ በአንድ ሌሊት ነጭ ለብሶ ያድራል። ሽታው ከአጥር አልፎ መንገደኛውን ያቆማል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ግን አበባው ይጠወልግና ይረግፋል።

በእነዚያ ሁለትና ሦስት ቀናት የአማን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለምን እየተማሩ ይሆን? የአበባን ክፍሎች የተማሩት በኅዳር ከሆነ፣ ያን ጊዜ በየጓሮው ያለው ቡና ፍሬው ቀልቶ የሚለቀምበት ወቅት ነበር። ትምህርቱ የተያዘው ለግንቦት ከሆነም ቡናው አበባውን ከረሳው ቆይቷል። በሁለቱም መንገድ ተማሪው የሚያየው አበባ በጠመኔ የተሳለውን ነው። ይህ የመምህሩ ስንፍና አይደለም። ዓመታዊ ዕቅዱ የሚወጣው በመጽሐፉ ገጽ ቅደም ተከተል ነው፤ ቡናው ግን የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው።

የፊዚክስ መምህራን ሆነን ስለ ባዮሎጂ ትምህርት ዝግጅት መጻፋችን አንዳንድ አንባብያንን ያስገርም ይሆናል። በእኛ ሙያ ከማንኛውም ሙከራ በፊት የሚወሰነው የሚለካው ነገር ነው፤ መሣሪያውና ሠንጠረዡ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። የትምህርት ዕቅድም በባሕርዩ ከዚህ አይለይም ብለን እናምናለን። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተማሪው ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚቆጥር፣ ከመቁጠሩም በፊት ምን ብሎ እንደሚገምት ካልተወሰነ፣ «መግቢያ፣ አቀራረብ፣ ማጠናከሪያ፣ ግምገማ» የሚሉት የዕለታዊ ዕቅድ ረድፎች ጢም ብለው ቢሞሉም ዕቅዱ ባዶ ነው። ከዚህ መጽሔት አንባብያን መካከልም ብዙዎቹ ነገ ያንን ቅጽ የሚሞሉ ናቸውና ነገሩ ይመለከታቸዋል።

ዕቅድ ከመምህሩ እጅ ወጥቶ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አሉ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀውና በሳተላይት የሚተላለፈው የ«ፕላዝማ» ትምህርት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ አንዱ ትምህርት በአንድ ሰዓት በመላ አገሪቱ ይታይ ነበር። ጥቅሙን አንክድም፤ ማይክሮስኮፕ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ሕዋስ ሲከፈል ለመመልከት በቅቷል። ማያው ግን ጥያቄ ያለውን ተማሪ አይጠብቅም፤ በሚዛን ዝናብ ይጣል፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ትክረር አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ብዙ ምክንያት ተቆጥሯል፤ አብዛኛው በአንድ መምህር ጉልበት የሚቃና አይደለም። የነገው ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ግን በእጁ ነው።

እንግዲህ በቡና ምድር ያለ አንድ የባዮሎጂ መምህር የአበባን ትምህርት በቡናው አቆጣጠር ቢያቅድ ምን ሊመስል ይችላል? እኛ የምንጀምረው ከመጨረሻው፣ ማለትም ከፍሬው ነው።

በጥቅምት ወር ለእያንዳንዱ ተማሪ 20 ቀይ እሸት ቡና ይታደል። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 1,000 እሸት ማለት ነው፤ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ነውና ማንንም አያደኸይም። ተማሪው እያንዳንዱን እሸት ፈልፍሎ በውስጡ ስንት ዘር እንዳለ ይመዘግባል። በአብዛኛው ጠፍጣፋ ጎናቸውን አጋጥመው የተቀመጡ ሁለት ዘሮች ያገኛል። በአንዳንዱ ግን አንድ ክብ ዘር ብቻ ይገኛል። የሁሉም ቁጥር በሰሌዳው ላይ ይደመር። እንዲህ ያለው ነጠላ ዘር ብዙውን ጊዜ ከመቶው ከአምስት እስከ አሥር ገደማ ነው። እዚህ ላይ የፊዚክስ ሰው ደስ የሚለው ነገር አለ። ከመቶው ሰባቱ ነጠላ ናቸው ብንል፣ በስሌት ከአራት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ከ20 እሸቱ ውስጥ አንድም ነጠላ አያገኝም። ያ ተማሪ «ሁሉም ሁለት ሁለት ነው» ብሎ ቢምል አልዋሸም፤ የቆጠረው ጥቂት ስለሆነ ነው። የናሙና ብዛት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በመጽሐፍ ውስጥ አላየንም።

ከዚያ ጥያቄው ይቀርባል፦ ለምን ሁለት? አንዳንዱስ ለምን አንድ? በዕለታዊ ዕቅዱ ላይ በዚህ ረድፍ «መልስ አይሰጥም» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። የተማሪዎቹ ግምት በወረቀት ተጽፎ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና እስከ አበባው ጊዜ ይቆይ።

ከአበባው ጋር የሚገናኘው ትምህርት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀኑን ግን ማንም አስቀድሞ ሊወስነው አይችልም። በዚያ ላይ ወቅቱ ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተናና ዕረፍት ጋር ሊጋጭ ይችላል። መፍትሔው ሁለቱን ክፍለ ጊዜያት ያለ ቀን ማቀድ ነው። ዝናቡ ራሱ የአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ስለሚሰጥ፣ መምህሩ በዚያ ሳምንት ምላጭና አጉሊ መነጽር አዘጋጅቶ በፕሮግራሙ ላይ ያለውን ርዕስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህን ለማድረግ የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፈቃዱ በመስከረም፣ ዓመታዊ ዕቅዱ ሲፈረም መጠየቅ ይኖርበታል።

አበባው ሲፈነዳ ተማሪዎቹ ከሥሩ ያለውን የሴቴ ክፍል በምላጭ አግድም ይቁረጡት። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ገና ዘር ያልሆነ አንድ እንቁላል አለ። ሁለቱም ተዳቅለው ሲያድጉ እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ የሚገናኙበት ጎን ጠፍጣፋ ይሆናል። አንዱ ሳይዳቀል ሲቀር ወይም በመንገድ ሲጨነግፍ፣ ሌላው የተረፈውን ቦታ ሁሉ ይይዝና ይከብባል። የጥቅምት ወረቀት ከግድግዳው የሚወርደው በዚህ ቀን ነው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የንብ ነው፤ ዝግጅቱ ግን የሚጀምረው እንቡጡ ከመፈንዳቱ በፊት ነው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ የቡና ዛፍ ይዞ የሚመሳሰሉ ሁለት ቅርንጫፎች ይመርጣል። አንዱን በአጎበር ቁራጭ ይሸፍነዋል (ያረጀ አጎበር ይሁን፤ ደህናው ለወባ ይቆይ)፣ ሌላውን ይተወዋል፤ በሁለቱም ላይ ያሉትን እንቡጦች ቆጥሮ ይመዘግባል። አበባው ሲረግፍ አጎበሩ ይነሣል። ከሁለት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ፣ በሁለቱም ቅርንጫፎች ላይ የያዙት ፍሬዎች ይቆጠራሉ። ንብ ያልደረሰበት ቅርንጫፍ ምንም አያፈራም ብለው የሚገምቱ ተማሪዎች ብዙ እንደሚሆኑ እንጠብቃለን። ነገር ግን ዓረቢካ ቡና በራሱ ብናኝ መዳቀል የሚችል ተክል ስለሆነ የተሸፈነውም ያፈራል። የሚለካው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በኢንዶኔዥያዋ ሱላዌሲ ደሴት አበባውን የሚጎበኙት የንብ ዓይነቶች በበዙ መጠን ፍሬ የሚይዘው አበባም እንደሚበዛ አሳይቷል። በእኛው ጫካ ዳር፣ ንብና ጣዝማ በሚኖሩበት፣ ልዩነቱ ምን ያህል ይሆናል? ቆጥሮ ከማወቅ በቀር መንገድ የለም፤ መምህሩም መልሱን አስቀድሞ ስለማያውቀው ከተማሪዎቹ ጋር እኩል ይጓጓል።

ንብ የቡናን አበባ የምትወደው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ምርምር እንደሚያመለክተው የቡና አበባ ወለላ ጥቂት ካፌይን አለበት፤ ይህንን የቀመሱ ንቦችም ሽታውን በማግስቱ የማስታወስ ዕድላቸው ካልቀመሱት በሦስት እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ቡና ጠጥቶ የሚያጠና ተማሪ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የቅጠል ትምህርት የዝናብ ጊዜ አይስማማውም። አራት የቡና ቅጠሎች ተቆርጠው አንዱ በላይኛው ገጹ፣ አንዱ በታችኛው፣ አንዱ በሁለቱም ቫዝሊን ይቀባል፤ አራተኛው እንዳለ ሆኖ ሁሉም በክር ይንጠለጠላሉ። የቡና ቅጠል አየርና የውሃ ተን የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች የሚገኙት በታችኛው ገጹ ላይ ብቻ ስለሆነ የትኛው ቶሎ እንደሚደርቅ መገመት ይቻላል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚያገኝ አገር ግን ይህን በሐምሌም ሆነ በመስከረም መሞከር ትዕግሥት መፈታተን ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ። ቀዳዳዎቹን ተማሪው መጀመሪያ በአማርኛ፣ በቤንችኛ ወይም በሸኮኛ «የቅጠል አፍንጫ» ቢላቸው አንቃወምም። «ስቶማታ» የሚለው የመጽሐፉ ቃል ነገሩ ከታየ በኋላ ሲመጣ ሰሚ ያገኛል።

ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚነገረውስ? በዓለም ያሉ የባዮሎጂ መጻሕፍት ደጋግመው የሚያነሱት በፋብሪካ ጭስ በጠቆሩ ዛፎች ላይ የምታርፈውን የእንግሊዝ አገር የእሳት እራት ነው። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ለአማን ተማሪ ግን ጭሱም ፋብሪካውም ሩቅ ናቸው። ከደጁ ያለ ታሪክ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። በፈንገስ የሚመጣው ይህ በሽታ አረንጓዴውን ፍሬ ገና በዛፉ ላይ ሳለ አጥቁሮ ያረግፈዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቡና አብቃይ አካባቢዎች ተስፋፋ። በዚህ ጊዜ ጅማ አጠገብ መልኮ ባለው የምርምር ማዕከል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፍሬው ባለቀበት ማሳ መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን ፍለጋ ወጡ። አገኙም፤ በዚህ ምድር ያለው ቡና እንደ ብራዚል ቡና ከጥቂት እናት ዛፎች የተራባ ሳይሆን፣ ከጫካው ጀምሮ መልከ ብዙ ነውና። 74110 እና 74112 ተብለው ዛሬም በገበሬው ማሳ የሚተከሉት ዝርያዎች ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው። በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። የዘር ስም ተሸክሞት የሚዞር ቀን ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው የክፍለ ጊዜ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ዛፍ ለምን ተረፈ? ተማሪው ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል። ወይ ዛፉ በሽታውን የሚቋቋም ውርስ አለው፤ ወይ ደግሞ ጥላ፣ ነፋስ ወይም ዕድል ረድቶት በሽታው አልደረሰበትም። በዓይን ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ተማሪዎቹ ራሳቸው መለያ ዘዴ እንዲያቅዱ 15 ደቂቃ ይሰጣቸው። ተመራማሪዎቹ የተመረጡትን ዛፎች ዘር አፍልተው ችግኞቹን ሆነ ብለው ለፈንገሱ አጋለጧቸው፤ እናቲቱ ያመለጠችው በዕድል ከሆነ ልጆቿ ይታመማሉ። ወደዚህ ሐሳብ በራሱ የደረሰ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሙከራ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚጎድላቸውን ይዟል።

የእነዚህ ሁሉ ትምህርቶች ወጪ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነው ብንል ብዙም አላጋነንም። በደብተሩ በየዓመቱ አራት ነገሮች ይጻፉ፦ ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ የጣለበት ቀን፣ ቡናው ያበበበት ቀን፣ የሁለቱ ቅርንጫፎች ቁጥር፣ በጥቅምት የተገኘው የነጠላ ዘር ብዛት። ደብተሩ ከክፍል ወደ ክፍል ይተላለፋል እንጂ ከተመራቂ ተማሪ ጋር አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት ለዱር ዓረቢካ ቡና ከሚስማሙት ሥፍራዎች ቢያንስ 65 በመቶው እስከ 2080 ድረስ ምቹነታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ተንብዮ ነበር። ትንበያው በኮምፒውተር ሞዴል የተሠራ ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ዝናቡ ስንት ቀን እንደዘገየ፣ አበባውም እንዴት እንደተከተለው ግን ሞዴሉ አይመዘግብም። የደብተሩ የመጀመሪያ ረድፍ በመጪው ጥር ወይም የካቲት፣ ዝናቡ በጣለ ማግስት ሊሞላ ይችላል።