ሳጥኑ ሲነሣ የሚቀረው

ጎብኚው ትንሿን ካርድ በጥፍሩ ፋቅ ያደርግና ወደ አፍንጫው ያስጠጋታል። በርበሬ! ሌላዋ ዕጣን ትሸታለች። «አትንኩ» በሚበዛበት ቤት ይህ ደፋር ሐሳብ ነው፤ ሐበሻ ጎብኚ ግን አገሩ በአፍንጫው በኩል ስትመጣበት ማብራሪያ አይሻም።

ቦታው ባልቲሞር የሚገኘው ዎልተርስ ሙዚየም ነው። «ኢትዮጵያ በመስቀለኛው መንገድ» የተሰኘው ዐውደ ርእይ እዚያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ነበር። በ2024 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሳሌም ወደሚገኘው ፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም፣ ከዚያም ኦሃዮ ወዳለው የቶሊዶ ሙዚየም ተጓዘ። ከጥንታዊ ብራና እስከ ዘመናችን ሥዕል ከ220 በላይ ሥራዎች ነበሩበት።

ሙዚየሞች እንዲህ የሚተባበሩበት አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ማሸጊያው፣ ማጓጓዣው፣ ኢንሹራንሱና ካታሎጉ ለአንድ ቤት ይከብዳል፤ ሲካፈሉት ይቀላል። ብራና ደግሞ አስቸጋሪ መንገደኛ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቀለሙን ብርሃን ያደክመዋል። ሳጥኑ በየከተማው በተከፈተ ቁጥር ባለሙያ ጎንበስ ብሎ አዲስ ስንጥቅ ይፈልጋል።

ባልቲሞር ላይ የዘመኑን ሥነ ጥበብ ክፍል በእንግዳ አሰናጅነት የመራችው ኢትዮጵያዊት አሜሪካዊቷ አርቲስት ፀዳይ መኮንን ናት። የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ፣ የኤልያስ ስሜና የአይዳ ሙሉነህ ሥራዎች ከጥንቶቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ታዩ። ትልቁ ለውጥ ይኸ ይመስላል፤ የማኅበረሰቡ ሰው ከተጋባዥነት ወደ ደጋሽነት መሻገሩ።

እንዲህ ያለ ጉዞ የሚተክለው ነገር ቆይቶ ይበቅላል። ዎልተርስ በ1993 «አፍሪካዊቷ ጽዮን» የተባለ፣ በኢትዮጵያ መንፈሳዊ ሥነ ጥበብ ላይ ያተኮረ ተዘዋዋሪ ዐውደ ርእይ አስተናግዶ ነበር። በ1996 የ15ኛው ክፍለ ዘመን የብራና ማራገቢያ ገዛ። ሲታጠፍ ጠባብ መጽሐፍ ይመስላል፤ ተዘርግቶ ጫፍና ጫፉ ሲገጥም ግን እመቤታችንና ቅዱሳን ዙሪያውን የቆሙበት መንኮራኩር ይሆናል። ዛሬ ሙዚየሙ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ስብስቦች አንዱን ይዟል።

ቅር የሚያሰኘው የዚህ የቅርቡ ጉዞ ፌርማታዎች ዝርዝር ነው። ሦስቱም አሜሪካ ውስጥ ናቸው፤ አዲስ አበባ የለችበትም፣ ጎንደርም የለችበትም። ቅርሱን ያፈራው አገር ልጅ በካታሎግ ብቻ የሚያየው ከሆነ ሽርክናው ጎዶሎ ነው። በቀጣዩ ጉዞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አንድ ፌርማታ ቢሆን፣ የስድስት ኪሎ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ያንን መንኮራኩር በእግሩ ሄዶ ያየዋል።