አንድ ሜትር እንጨትና የምድር ዙሪያ

ለፊዚክስና ለሥነ ፈለክ ትምህርት ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ነው። ጥላውን ብቻ በመለካት አቅጣጫን፣ ሰዓትን፣ የወቅቶችን መፈራረቅ፣ የምድርን ስፋት ሳይቀር ማወቅ ይቻላል። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል፤ ያለውም ቢሆን በመደርደሪያው ላይ ይህን የሚተካ ዕቃ አያገኝም።

አተካከሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከመሬት በላይ ያለው ቁመት ልክ 1 ሜትር መሆን አለበት። የመሬቱ ደልዳላነት በውሃ ልክ፣ የእንጨቱ ቀጥ ማለት ደግሞ ግንበኞች በሚይዙት ቱንቢ ይረጋገጣል። ቱንቢ ከጠፋ በክር የታሰረ ድንጋይ ይበቃል። ከዚያ ተማሪዎቹ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ። እኩለ ቀን አካባቢ ከሆነ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጥላው ጠጠሩን ትቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ምድር በዛቢያዋ ላይ ትዞራለች የሚለውን ለፈተና የሸመደደ ልጅ፣ ዙረቷን እግሩ ሥር የሚያይበት ቅጽበት ይህ ነው።

ሰሜንን ለማግኘት ኮምፓስ አያስፈልግም። እንጨቱን መካከል አድርጎ ክብ መሥራት፣ ጠዋት ጥላው እያጠረ ሲመጣ ጫፉ ክቡን የነካበትን፣ ከሰዓት በኋላም እየረዘመ ሲወጣ የነካበትን ምልክት ማድረግ ነው። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብን ያሳያል። ከእንጨቱ ሥር ተነስቶ ይህን መስመር እኩል የሚከፍለው ደግሞ ትክክለኛው የሰሜንና ደቡብ መስመር ነው።

ጥላው በዚህ መስመር ላይ ሲውል ፀሐይ የዕለቱ ከፍታዋ ላይ ደርሳለች። ተማሪዎች 6 ሰዓት ላይ ይሆናል ብለው ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ሰዓታችን የሚቆጠረው በሶማሌ ክልል ዋርዴር አቅራቢያ በሚያልፈው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከዚያ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ትርቃለች። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ቀሪውን ሒሳብ ለልጆቹ መተው ነው።

የእኛ አገር ትልቁ ዕድል ግን ሌላ ነው። አውሮፓ ውስጥ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ብቻ ይወድቃል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ጥላው አቅጣጫ ይቀይራል። በታኅሣሥ አጋማሽ የ1 ሜትር እንጨት ጥላ ወደ ሰሜን 64 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ እያጠረ ሄዶ ሚያዝያ 5 ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላው ጨርሶ ይጠፋል። ቀጥሎ ወደ ደቡብ ይዞርና በሰኔ አጋማሽ 26 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ነሐሴ 24 ገደማ እንደገና ይጠፋል፤ ያኔ ግን ክረምት ነውና ደመናው ማሳየቱን እንጃ። የሚያዝያው ቀን ግን የትምህርት ወቅት ላይ ይውላል። በሰሜን አገሮች ለዚያ ልጆች በተጻፉ መጻሕፍት የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ቀን ሳያዩት ሲያልፍ ያሳዝነኛል።

የምድርን ዙሪያ መለካት ከሁሉ ይበልጥ ይጥመኛል። ሐሳቡ የኤራቶስቴንስ ነው። የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ይህ ሊቅ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፀሐይ አስዋን ላይ አናት ስትሆን እስክንድርያ ላይ የክብ አንድ ሃምሳኛ እንደምታዘነብል ተረዳ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በ50 አባዝቶም የምድርን ዙሪያ ገመተ።

ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ተጠራርተው ይህንኑ መሥራት ይችላሉ። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 11 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ አጭሩ ጥላ 16 ሴንቲ ሜትር፣ መቀሌ ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በታንጀንት ሲሰላ 9.1 እና 13.5 ዲግሪ ይሆናል። ታንጀንት ያልደረሱ ልጆች ሦስት ማዕዘኑን ወረቀት ላይ አሳንሰው ይሣሉና በፕሮትራክተር ይለኩት። ልዩነቱ 4.4 ዲግሪ ነው። የሁለቱን ከተሞች የሰሜን–ደቡብ ርቀት ከካርታ እንወስዳለን፤ የመኪና መንገዱ ስለሚጠማዘዝ አይሆንም። ርቀቱ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 360ን ለ4.4 አካፍለን በ490 ስናባዛ ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። በዋልታዎቹ በኩል የሚለካው የምድር ዙሪያ 40,008 ኪሎ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ መምህሩ መቸኮል የለበትም። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች 16ቱን 17 ብለው ቢያነቡ ውጤቱ ወደ 46 ሺህ ይጠጋል። የጥላ ጫፍ ደግሞ ጥርት ያለ አይደለም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ የምትሰፋ ክብ ስለሆነች፣ ጨለማው ቀስ በቀስ እየሳሳ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ደብዝዞ ያልቃል። መፍትሔው በእንጨቱ ጫፍ ላይ በመርፌ የተበሳ ካርቶን ማሰር ነው። በቀዳዳው በኩል አንዲት ትንሽ የብርሃን ክብ መሬት ላይ ታርፋለች፤ እርሷም የፀሐይ ምስል ናት። መካከሏን መለካት የደበዘዘ ጠርዝ ከመለካት እጅግ ይሻላል። ስህተቱ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚቀንስ መርምሮ የደረሰበት ተማሪ፣ ቁጥሩ በትክክል ከገጠመለት ተማሪ ይልቅ ፊዚክስ ተምሯል። ፀሐይዋን ራሷን በዓይን ማየት ግን ፈጽሞ ክልክል መሆኑ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ጥላ መለካት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሰው የራሱን ጥላ በራሱ ጫማ እየለካ ሰዓት የሚያውቅባቸው ሠንጠረዦች በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ አሉ።

የፊዚክስ መምህር የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ከመጋቢት 11 በፊት በሌላ ከተማ የሚያስተምር አንድ የሙያ ባልደረባ ፈልጉና ተነጋገሩ። ቀኑ ደመና ከሆነ አትዘኑ፤ ሁለታችሁም በአንድ ቀን እስከለካችሁ ድረስ የማዕዘኖቹ ልዩነት አይለወጥምና ማግስቱም ያገለግላል።