ነባር ቤት ከመግዛት በፊት በገለልተኛ ባለሙያ ማስፈተሽ ለምን ያስፈልጋል?

በአዲስ አበባ ከተማ ነባር መኖሪያ ቤት ለመግዛት የሚደራደር የመንግሥት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ትኩረት የሚሰጠው ለይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ነው። ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ቤቱ በዕዳ ወይም በእግድ አለመያዙንና በመንገድ ፕላን ክልል ውስጥ አለመግባቱን ማጣራት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ካርታው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ጣሪያውና ስለ መሠረቱ የሚናገረው ነገር የለም።

በግብይቱ ሂደት ቤቱን የሚያዩ ሰዎች ጥቂት ባይሆኑም አንዳቸውም የሚያዩት ለገዥው ብለው አይደለም። ደላላው ክፍያውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነው። የባንክ ገማች ቤቱ ለብድሩ በቂ መያዣ መሆን አለመሆኑን ይገምታል እንጂ የኤሌክትሪክ ሽቦው ዕድሜ ዋና ሥራው አይደለም። ሻጩ ያመጣው ግንበኛም የሚታዘዘው ለሻጩ ነው። በኢትዮጵያ የቤት ፍተሻ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ በሰፊው ባይለመድም፣ ፈቃድ ያለው የሲቪል መሐንዲስ ከኤሌክትሪክና ከቧንቧ ባለሙያ ጋር ሆኖ ሥራውን ሊያከናውን ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ባለሙያውን ገዥው ራሱ መምረጡና ራሱ መክፈሉ ነው። ደላላው የሚያውቀው ጎበዝ መሐንዲስ እንዳለ ሲናገር ጥቆማውን በምስጋና ማለፍ ይመረጣል።

በከተማዋ ነባር ሠፈሮች ከሚገኙት ቤቶች ብዙዎቹ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ በቀጥታ መሬት ውስጥ የተተከሉ ከሆነ ከአፈር ጋር የሚገናኙበት ክፍል በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ምስጥም የሚጀምረው ከዚያው ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ሲታይ ከብሎኬት ግድግዳ በቀላሉ አይለይም። ልስኑ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ የእንጨቱን መበስበስ ያፋጥናል። ልምድ ያለው ባለሙያ ግድግዳውን እያንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ይለያል፤ በወለሉ አጠገብ ያለውን ቋሚም በካቻቢቴ ወግቶ ይሞክራል። ካቻቢቴው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ አልቋል ማለት ነው።

በቦሌና በአንዳንድ የከተማዋ አካባቢዎች የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ ጥልቀት በሌለው መሠረት የቆመ ቤት በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በልስኑ ላይ ብቻ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እምብዛም አያሳስብም። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣና አንዱ ጫፉ ከሌላው የሰፋ ስንጥቅ ግን የመሠረቱን መንቀሳቀስ ሊያመለክት ይችላል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ የተሰማ በመሆኑ፣ ስንጥቁ አዲስ ይሁን የቆየ ማጣራትም ያስፈልጋል።

ለፍተሻ የሚመረጠው ወቅት ክረምት ነው። በበጋ የሚገዛ ሰው በኮርኒሱ ላይ የውኃ ምልክት መኖሩን፣ ቆርቆሮው በምስማሮቹ ዙሪያ መዛጉን፣ ከላይኛው ግቢ የሚወርደው ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ ማስመርመር ይኖርበታል። በአንድ ክፍል ወይም በአንድ ማዕዘን ብቻ የተቀባ አዲስ ቀለም ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል። ያረጀ የብረት ቧንቧ፣ የመሬት መስመር የሌለው የኤሌክትሪክ ዝርጋታና በኋላ በተሠራ ሰርቪስ ቤት ሥር የቀረ የመጸዳጃ ጉድጓድም በነባር ቤቶች የሚያጋጥሙ ናቸው።

ፍተሻው መከናወን ያለበት ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር፣ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የሚያፈርስ ወገን ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የሚያፈርሰው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ ሻጩ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ቢያዝም፣ ገዥው በውሉ ጊዜ ያወቀውን ወይም በግልጽ የሚታየውን ጉድለት በተመለከተ ዋስትናው አይሠራም። ተቋራጭ ለሠራው ግንባታ ጥንካሬ ዋስ የሚሆነውም ለ10 ዓመት ብቻ ስለሆነ ለአሮጌ ቤት ገዥ የሚተርፈው ነገር የለም።

የባለሙያው ሪፖርት በጽሑፍ ሆኖ፣ የጉድለቶቹን ፎቶግራፍና የጥገናውን ግምት መያዝ አለበት። ገዥው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ዋጋ እንዲቀነስለት ሊደራደር ይችላል። ሻጩ ጥገናውን ራሱ እንደሚያከናውን ከተናገረ ግን ምን እንደሚጠገንና እስከ መቼ እንደሚጠናቀቅ በሽያጭ ውሉ ውስጥ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚደነግግ፣ በቃል የተሰጠ የጥገና ተስፋን በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።