የተጣመመ ጥርስን ስለ ማቅናት፤ ሽቦ ይሻላልን ወይስ ግልጥ ልባስ?

ባለፈው ዓመት አንድ የማውቃቸው መምህር የዐሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጃቸውን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። ልጅቱ በትምህርቷ ከክፍሏ ፊተኞች የምትቈጠር ስትሆን፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን «ተነሥተሽ አንብቢ» ስትባል ድምፅዋ እየሰለለ፣ ስትሥቅም አፏን በእጇ ወይም በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች መምህራኗን ስታሳስብ ቈይታለች። ምክንያቱ ሲመረመር፣ አንደኛው የላይ ክራንቻዋ ከረድፉ ወጥቶ ከፍ ብሎ በመብቀሉና የፊት ጥርሶቿም ወደ ውጭ በመገፋታቸው ጓደኞቿ ስም አውጥተውላት ኖሯል።

አባትየው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «በአሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ደውላ፣ ‹ልጅቱን ሽቦ እንዳታሳስራት፤ አሁን የማይታይ ፕላስቲክ መጥቷል› አለችኝ። አንድ ባልንጀራዬ ደግሞ ፕላስቲኩ የሀብታም መጫወቻ ነው ይለኛል። እርስዎ የትኛውን ይመክሩኛል?» እኔ የጤና መኰንን እንጂ የጥርስ ሐኪም ስላይደለሁ፣ ቍርጡን መልስ የሚሰጠው ጥርስ በማቅናት ሥራ የሠለጠነው ኦርቶዶንቲስት መሆኑን ነገርኋቸው። ይሁን እንጂ ወላጅ ሐኪም ፊት ከመቅረቡ በፊት ነገሩን ዐውቆ ቢሄድ የሚጠይቀውን ስለሚያውቅ፣ ለእርሳቸው ያብራራሁትን ለአንባቢም ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አስቀድሞ ግን፣ ከረድፍ የወጣ ጥርስ ሁሉ በሽታ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። በአገራችን ፍንጭት የውበት ምልክት ሆኖ ሲወደስ የኖረ ነው፤ የድርብ ጥርስንም ደም ግባት የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። ጤነኛ የሆነውን ፍንጭት የውጭ አገር ፊልም አይቶ ለመዝጋት መቸኰል፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘብንም ውበትንም ማባከን ነው። ሐኪም የሚያስፈልገው የላይና የታች ጥርሶች ሳይገጥሙ ቀርተው ማኘክ ሲያስቸግር፣ የታችኞቹ ጥርሶች ላንቃን እየወጉ ሲያቈስሉ፣ የላይኞቹ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ገብተው መንጋጋን ወደ አንድ ወገን ሲያጣምሙ፣ ወይም ጥርሶች ተደራርበው ለማጽዳት ሳይመቹ ሲቀሩ ነው። ገጣጣ የሆኑ የፊት ጥርሶችም ልጅ በሩጫ ወይም በኳስ ሲወድቅ ከሌሎቹ ይልቅ ለመሰበር የቀረቡ ናቸው። ደግሞም አንድ ተማሪ በጥርሱ ምክንያት ማንበብና መናገር እስኪያፍር ከደረሰ፣ ይህ ራሱ ጕዳት ስለሆነ በቀልድ ሊታለፍ አይገባውም።

የጥርስ መጣመም በብዛት የሚመጣው የመንጋጋና የጥርስ መጠን ሳይመጣጠን ሲወረስ ነው። ከአራት ዓመት በኋላም ጣት የሚጠባ ልጅ የፊት ጥርሱ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ የወተት ጥርስም በስብሶ ያለ ጊዜው ሲነቀል ጎረቤቱ ቦታውን ይይዝበትና ቋሚው ጥርስ መውጫ ያጣል። በአገራችን ግን ሰው በገዛ እጁ የሚያመጣው አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ግግ ማውጣት ነው። ሕፃን ሲያተኵሰው ወይም ሲያስቀምጠው ከድዱ ላይ ያበጠውን ነገር የበሽታው ሥር ነው ብለው ባልነጻ መሣሪያ የሚያወጡት፣ ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ እንጂ ሌላ አይደለም። ከሥሩ የሚገኘው የቋሚው ክራንቻ ፍሬ በዚያው ስለሚጐዳ፣ ልጁ ሲያድግ ክራንቻው ተበላሽቶ ወይም ያለ ቦታው ይበቅላል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አይበቅልም። ይህ የሚሆነው ልጁ ከደም መፍሰስና ከቍስል መመረዝ ከተረፈ ነው። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸውና ለወላጆች ቢነግሩ ብዙ ሽቦ ይተርፋል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ጥርስ እንደ ችንካር በዐጥንት ውስጥ ተቸንክሮ የሚኖር አይደለም። በሥሩና በዐጥንቱ መካከል ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ የማይሞላ ስስ ጅማት አለ። ጥርሱ በቀላሉና ሳይቋረጥ ሲገፋ፣ በተገፋበት በኩል ያለው ዐጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቅለታል፤ ከበስተኋላው ደግሞ አዲስ ዐጥንት እየተሠራ ይተካል። በዚህ አኳኋን ጥርሱ በወር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። «ቶሎ እንዲያልቅ ጠበቅ ያድርጉት» የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ነገር ግን ኀይል ሲበዛ ጅማቱ ደም ያጣና ጕዞው ይቆማል፤ የጥርሱም ሥር ሊያጥር ይችላል። ሽቦውም ሆነ ፕላስቲኩ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነታቸው ጥርሱን በሚይዙበት መንገድ ነው።

የብረቱ ሥራ ረዥም ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1728 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ጥርስ በክር እየታሰረ የሚቀናበትን የብረት ቅስት ገልጦ ነበር። ጥርሶች የሚገጥሙበትን ሁኔታ በሦስት ክፍል መድቦ በ1899 ያስተማረው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ሲሆን፣ ዛሬም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ክፍፍል የእርሱ ነው፤ በ1920ዎቹም ለአሁኑ ሽቦ አባት የሆነውን መሣሪያ አዘጋጀ። በዚያን ዘመን እያንዳንዱ ጥርስ በብረት ቀለበት ይከበብ ነበር። በ1955 ማይክል ቡኖኮር የጥርስን ገጽ በፎስፎሪክ አሲድ አሻክሮ ሙጫ ማጣበቅ እንደሚቻል ስላሳየ፣ ቀለበቱ ቀርቶ ብራኬት የሚባለው ትንሽ መያዣ ብቻ በጥርሱ ፊት መለጠፍ ተጀመረ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከኒኬልና ከቲታንየም የተሠራ፣ ቢታጠፍም ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስ ሽቦ ስለተገኘ፣ ግፊቱ ለስላሳ ሆኖ ለብዙ ሳምንታት መሥራት ቻለ።

የሽቦው ትልቅ ጥቅም ጥርሱን አጥብቆ መያዙ ነው። ጥርስን ወደ ታች ስቦ ማውረድ፣ ማዞር፣ ከነሥሩ ማንቀሳቀስ፣ ጥርስ ተነቅሎለት የተከፈተን ሰፊ ቦታ መዝጋት ይችላል። ሁለተኛው ጥቅሙ በልጁ ፈቃድ የማይወልቅ መሆኑ ነው፤ ልጁ ቢተኛም ቢረሳም ሽቦው ሥራውን አያቋርጥም።

ችግሩም ቀላል አይደለም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸትና ዐጥንት መጋጥ ብራኬቱን ያላቅቃሉ፤ አልጫ ወጥ ውስጥ ያለው እርድም ነጩን ማሰሪያ ላስቲክ ቢጫ ያደርገዋል። ይህስ የመልክ ነገር ነው፤ የባሰው የምግብ ትራፊ በሽቦው ሥር እየተጠራቀመ የጥርሱን ገጽ መብላቱ ነው። ሳይጸዳ የቈየ ጥርስ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ነጭ ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል፤ ጠባሳውም ሽቦው ከተፈታ በኋላ አብሮ ይኖራል። መፋቂያችን መልካም ነገር ቢሆንም በሽቦው ሥር ሊገባ ስለማይችል፣ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና፣ በተጨማሪም በጥርስ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽ ያስፈልጋል።

በስምጥ ሸለቆ፣ እንደ ወንጂና መተሐራ ባሉ ቦታዎች ያደጉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ለሐኪማቸው መናገር ይገባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው የፍሎራይድ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ከዚህ ያልፋል። ከዚህ የተነሣ ጥርሱ የበለዘ ሰው ገጹ ለአሲዱ ስለማይበገር ብራኬቱ ደጋግሞ ሊወልቅበት ይችላል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ሌላ ዘዴ አለው።

ግልጡ ልባስ፣ በተለምዶ አላይነር የሚባለው፣ የተስፋፋው በ1997 በካሊፎርኒያ ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ አላይን ቴክኖሎጂ የተባለውን ድርጅት ካቋቋሙ በኋላ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የጥርሱ ቅርጽ ይለካና በኮምፒዩተር ከመጣመሙ አንሥቶ እስኪቀና ድረስ በብዙ ደረጃ ይከፋፈላል፤ ለየደረጃው አንዳንድ ስስ ፕላስቲክ ይሠራል። እያንዳንዱ ልባስ ጥርሱን ከሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ብቻ ስለሚገፋው፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በሚቀጥለው ይለወጣል። ከሩቅ አይታይም፤ ለመብላትና ለመቦረሽ ስለሚወልቅ የአፍ ንጽሕና ይቀላል፤ ከንፈርን የሚቧጥጥ ሽቦ የለውም፤ ወደ ሐኪም መመላለሱም ያንሳል። ለመጠነኛ መደራረብና ለጥቂት ክፍተት፣ በተለይም ድዱ ለታመመና ንጽሕናውን በቅርብ መጠበቅ ላለበት ዐዋቂ፣ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ነገር ግን የመውለቁ ጥቅም ዕዳውም ነው። ልባሱ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ካልተደረገ አይሠራም። እንግዲህ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራት፣ ጥርስ ለመቦረሽና ለቡና የሚተርፈው ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ አራት ሰዓት ነው። ትኵስ መጠጥ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ ቡናም ያጠቍረዋል፤ ስለዚህ ከንጹሕ ውሃ በቀር ማንኛውም ነገር ሲጠጣ መውለቅ አለበት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ከጎረቤት ጋር አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራ። (የጾም ወራት ለዚህ መሣሪያ ሳይመቹ አይቀሩም።) ከዚህም ሌላ ይጠፋል። በውጭ አገር ስማር አብሮኝ የሚኖር ጓደኛዬ በምግብ አዳራሽ ልባሱን በወረቀት ጠቅልሎ ረስቶት ኖሮ፣ ሁለታችንም እስከ ምሽት የቈሻሻ በርሜል ስንበረብር አመሸን፤ አላገኘነውም። ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ሰው ነበረ።

በሥራውም ገደብ አለው። ለስላሳ ፕላስቲክ ክብ የሆነውን ክራንቻና ከኋላው ያለውን ትንሽ መንጋጋ አጥብቆ ጨብጦ ማዞር ያስቸግረዋል፤ ከፍ ብሎ የቀረን ጥርስ ወደ ታች መሳብም እንዲሁ። ስለዚህ ሐኪሞች የጥርስ መልክ ያለው ጕብጕብ ሙጫ በጥርሱ ላይ ይለጥፉለታል፤ «የማይታይ» የተባለውም እዚህ ላይ ትንሽ ይታያል። በሠለጠነ ሐኪም እጅ ከባድ ሥራም የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ቢሆንም ጥርስ ተነቅሎ ሰፊ ቦታ ለሚዘጋበት ሥራ ሽቦው ዛሬም ይበልጣል።

ስለ ዋጋ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አልናገርም፤ ልባሱ በውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣ ሲሆን ግን ጭነቱም መዘግየቱም በታካሚው ላይ ነው። አጥብቄ የማስጠነቅቀው ያለ ሐኪም በፖስታ ከሚላክ ልባስ ነው። በ2014 በአሜሪካ የተቋቋመው ስማይል ዳይሬክት ክለብ የተባለ ድርጅት ልባስን ወደ ደንበኞች ቤት ይልክ ነበር፤ በዲሴምበር 2023 ሲዘጋ ሕክምናቸውን ያላገባደዱ ሰዎች መካከል መንገድ ላይ ቀሩ። ዘመድ ከውጭ በሻንጣ የሚያመጣውም ቢሆን፣ ራጅ ሳይነሣ፣ የበሰበሰ ጥርስ ሳይታከምና ድድ ሳይታይ የሚደረግ ከሆነ ጤነኛውን ጥርስ ሊያናጋ ይችላል።

ሁለቱም መሣሪያዎች ሲፈቱ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በጥርሱ ዙሪያ ያሉት የድድ ጅማቶች አዲሱን ቦታ እስኪለምዱ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል፤ እስከዚያ ጥርሱን ወደ ቀድሞ ቦታው ይጐትቱታል። ስለዚህ ሪቴነር የሚባለው መጠበቂያ መጀመሪያ እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ፣ በኋላም ሌሊት ሌሊት ለብዙ ዓመታት ይደረጋል። ይህን ሳይነግር ዋጋ የሚጠይቅ ሐኪም ቢገጥማችሁ ጠይቁት።

መምህሩ ልጃቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ኦርቶዶንቲስቱ ራጁን ካየ በኋላ፣ ክራንቻው ቦታ እንዲያገኝ ሁለት ትናንሽ መንጋጋዎች መነቀል እንዳለባቸው፣ ክራንቻውም ወደ ታች መሳብ ስላለበት ሽቦ እንደሚሻል ነገራቸው። አባትየውን ያስጨነቃቸው የመንገዱ ርቀት ነበር፤ ሥራቸውን ትተው በየወሩ መመላለስ የሚችሉ ሰው አይደሉም። ሐኪሙም ለስላሳው ሽቦ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚሠራ ቀጠሮውን በየስምንት ሳምንቱ አደረገላቸው፤ አንዳንዱም ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር እንዲገጥም ተስማሙ። ልጅቱ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ሽቦው ከጥርሱ ይልቅ ያሥቅብኛል ብላ ነበር።

እነሆ ዛሬ ሰባተኛ ወሯ ነው። ክራንቻው ከግማሽ መንገድ በላይ ወርዷል፤ በክፍሏም ሁለት ልጆች የእርሷን አይተው ወላጆቻቸውን መጠየቅ ጀምረዋል። ብራኬቱ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተላቅቆባታል፤ የሁለተኛው ምክንያት ዳቦ ቆሎ መሆኑን የነገረችው ግን ለአባትዋ ሳይሆን ለእኔ ነው።