የጥብቅና አዋጁ ከገጠር ለሚመጣው ባለጉዳይ ምን ይዟል?

አዲስ አበባ፦ ሰነዶቹን በፌስታል ጠቅልሎ ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ፣ በፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ችሎት ደጃፍ ሲደርስ አስቀድሞ የሚያነጋግረው ሰው ጠበቃ ላይሆን ይችላል። አንዱ አቤቱታ የሚጽፍለት ራፖር ጸሐፊ ነው። ሌላው ደግሞ «ጉዳይህን እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ነው። ለከተማው ነዋሪ የእነዚህና የጠበቃ ልዩነት ግልጽ ሊሆን ይችላል። በሬውን ሸጦ ለመጣው አርሶ አደር ግን ልዩነቱን አለማወቅ የዓመት ልፋቱን ሊያሳጣው ይችላል።

አራዳ ለሙግት እንግዳ አይደለም። ገበያው ወደ መርካቶ ሳይዛወር በፊት በጊዮርጊስ አካባቢ ሕዝብ ይሰበሰብ ነበር። በዚያ ዘመን ሥርዓት ባለጉዳይ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ተቀናቃኙን ያቆማል፤ በተጠየቅ ሙግትም አንደበቱ የተባ ይረታል። ለሌላው ለመሟገት ነገር አዋቂነት እንጂ የተጻፈ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር። ዛሬ ጥብቅና በሕግ የሚመራ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው።

አዋጁ ምን ለወጠ?

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249 ለሁለት አሥርት ዓመታት ሲሠራበት የቆየውን አዋጅ ቁጥር 199/1992 ተክቷል። ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር። አስፈጻሚ አካላት በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 እንደገና ሲደራጁ ግን ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ከለውጦቹ ሁለቱ ጎላ ያሉ ናቸው። የመጀመሪያው፣ ጠበቆች ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ኃላፊነቱ በተወሰነ የሽርክና ማኅበር የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ መፈቀዱ ነው። ጠበቃ ቢታመም ወይም ከአገር ቢወጣ፣ በግለሰብ ላይ የተንጠለጠለ ጉዳይ አብሮ ይንጠለጠላል። በድርጅት የተያዘ ጉዳይ ግን ተረካቢ ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛው፣ የኢትዮጵያ ፌደራል ጠበቆች ማኅበር በአዋጅ መቋቋሙና የፌደራል ጠበቆች አባል እንዲሆኑ መደረጉ ነው።

የአዋጁ ወሰን በፌደራል ፍርድ ቤቶች ለሚሰጥ አገልግሎት ነው። በክልል ፍርድ ቤቶች የሚቆሙ ጠበቆች የሚተዳደሩት በየክልላቸው ሕግ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በክልሉ ፍርድ ቤት ጀምሮ ወደ ፌደራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚመጣ ባለጉዳይ፣ የያዘው ጠበቃ በዚያ የመቆም ፈቃድ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል።

ፈቃዱ ለምን ይጠቅማል?

ፈቃድ ያለው ጠበቃ የሥነ ምግባር ግዴታውን ቢጥስ በዲሲፕሊን ይጠየቃል፤ ፈቃዱም ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ጉዳይ ገዳዩ ግን የሚሰረዝበት ፈቃድ የለውም። ገንዘቡን ተቀብሎ ቢሰወር፣ ባለጉዳዩ የቀረው ሌላ ክስ መመሥረት ነው።

አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተም ሕግ ይሆናል። በፍርድ ቤት ደጃፍ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ባለጉዳዩ «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ሲችል ነው። ምርጥ ዘር የሚገዛ አርሶ አደር ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የከረጢቱን ምልክትና የዘሩን ዓይነት ይመለከታል፤ ዘሩ ካልበቀለ ክረምቱ አይመለስምና። የይግባኝ ጊዜም እንዲሁ ካለፈ በኋላ በቀላሉ አይመለስም።

ባለጉዳዩ ምን ያድርግ?

የጠበቃውን ፈቃድና የታደሰበትን ጊዜ ይመልከት፤ ከተጠራጠረ ፍትሕ ሚኒስቴርን ይጠይቅ። ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ ለከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ ይቀበል። ዋናውን ሰነድ በእጁ አስቀርቶ ቅጂውን ይስጥ። ውክልና ሲሰጥ ቃሉን አስነብቦ ይስማ፤ ለሙግት የተሰጠ ውክልና ንብረት መሸጥን እንዲጨምር ሆኖ መጻፍ አይኖርበትም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ያለ ጥብቅና ፈቃድ ሊወክለው እንደሚችልም ይወቅ።

መክፈል ለማይችል ሰውም በር አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ቢያጣና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምለት ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠበቆችም ድሃን የማገልገል ግዴታቸው ለሙያው አዲስ አይደለም፤ የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ አዝዞ ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ የሙግትም ሥሩ ጠበቃን አጣርቶ መያዝ ነው። ይህ ምክር ባለጉዳዩን ማግኘት ያለበት ፒያሳ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን በሬውን ወደ ገበያ ሳይነዳ በፊት ነው። የየቀበሌው የፍትሕ አካላትና የገጠር መገናኛ ብዙኃን ሥራም ከዚህ ይጀምራል።