በቅጽበታዊ ሙቀት ወደ ሳንባ ስለሚገባ መድኃኒት

በመድኃኒት ንግድ የተሰማሩ ደንበኞቻችን ዕቃቸውን ዘወትር የሚያውቁት በክኒን፣ በሽሮፕና በመርፌ መልክ ነው። ክኒን ተውጦ፣ በሆድ ውስጥ ሟሙቶ፣ ጉበትን አልፎ ወደ ደም እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። መርፌ ፈጣን ቢሆንም ባለሙያ እጅ ይሻል፤ በሽተኛውም አይወደውም። ሳንባ ግን ውስጡ እጅግ ሰፊ፣ ደሙም ከአየሩ የሚለየው በስስ ሽፋን ብቻ በመሆኑ፣ በትንፋሽ የገባ መድኃኒት በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ሊጀምር ይችላል።

ነገሩ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። በአገራችን ጉንፋን የያዘው ሰው የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ይታጠናል። በአውሮፓና በአሜሪካም በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው መቶ ዓመት የመድኃኒት መደብሮች ለአስም በሽተኞች ከአስተናግር ቅጠል የተጠቀለለ ሲጋራ ይሸጡ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ጢስ ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ምን ያህሉ መድኃኒት፣ ምን ያህሉ ጥቀርሻ እንደ ሆነ የሚለካው አልነበረም። በ1956 (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው፣ ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጋዝ ግፊት የተለካ መጠን የሚረጨው ትንሽ ቆርቆሮ በአሜሪካ ለገበያ በመውጣቱ የመለኪያው ችግር ተቃለለ።

በሙቀት ማትነን ግን ለብዙ ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። ምክንያቱን ለመረዳት ዕጣን በፍም ላይ ሲጣል መመልከት ይበቃል፤ ከፊሉ ተኖ ቤቱን በመዓዛ ይሞላል፣ ከፊሉ ግን እዚያው ከስሎ ይቀራል። የመድኃኒት ዱቄትም ተከምሮ ቀስ በቀስ ቢሞቅ፣ ገና ከመትነኑ በፊት የውስጥ አሠራሩ ይፈርሳል፤ የሚወጣውም መድኃኒቱ ሳይሆን ስብርባሪው ይሆናል። ስብርባሪውም አንዳንድ ጊዜ መርዝ ነው።

ለዚህ መላ ካገኙት አንዱ በካሊፎርኒያ የነበረው አሌክዛ የተባለው ኩባንያ ነው። መሥራቹ የኡሩጓይ ተወላጅ የነበረው አሌሃንድሮ ዛፋሮኒ ሲሆን፣ ከዚያ ቀደምም አልዛ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ በ1968 ያቋቋመ ሰው ነበር። መላው እንዲህ ነው። መድኃኒቱ አንዳችም ነገር ሳይቀላቀልበት፣ ውፍረቱ በማይክሮን በሚቆጠር ስስ ልባስ መልክ በብረት ገጽ ላይ ይቀባል። (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው።) በሽተኛው አየር ሲስብ መሣሪያው ይህንኑ አውቆ በታሸገው ብረት ውስጥ ያለውን ኬሚካል ይለኩሰዋል፤ ብረቱም ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግላል። ልባሱ ስስ በመሆኑ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይተናል፤ ለመፍረስ ፋታ አያገኝም። ሙቀቱ ብርቱ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን የሚያድነው ፍጥነቱ ነው ማለት ነው።

ተኑ ወዲያው ከሚሳበው ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ይረጋና ኤሮሶል የሚባለውን ጉም መሳይ ደቃቅ ቅንጣት ይሠራል። የቅንጣቱ መጠን የንግዱ ሁሉ ቁልፍ ነው። ከአምስት ማይክሮን በላይ የሆነው አብዛኛው በጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ እጅግ የደቀቀውም ከትንፋሽ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ከአንድ እስከ ሦስት ማይክሮን ያህል የሆነው ግን ወደ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ይዘልቃል።

ኩባንያው በዚህ መንገድ ለገበያ ያቀረበው ሎክሳፒን የተባለውን የቆየ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲሆን፣ አዳሱቭ የሚል የንግድ ስም ሰጠው። ያረጀ ዕቃ በአዲስ ዕቃ መያዣ አዲስ ዋጋ አወጣ እንደ ማለት ነው። መሣሪያው አሥር ሚሊግራም የያዘ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ነው፤ መክፈቻው ከተሳበ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሠራበት ራሱን ያጠፋል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው በሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በታኅሣሥ 2012፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2013 የስኪዞፍሬንያና የባይፖላር ሕሙማን ሁከት ሲይዛቸው እንዲሰጥ ፈቀዱ።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የአየር ቧንቧዎችን በድንገት ሊያጠብ የሚችል በመሆኑ፣ የአስም በሽተኞች እንዳይወስዱት ተከለከለ፤ በአሜሪካም ሲፈቀድ ለተመዘገቡ የጤና ተቋማት ብቻ እንዲሸጥ ተወሰነ። እንግዲህ ይህን ያህል የተራቀቀ ዕቃ ከተራው የመድኃኒት መደብር መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ አልቻለም። ኩባንያውን በ2016 የስፔኑ ፌሬር ገዛው። በእኛ አስተያየት፣ አዲስ መድኃኒት ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ለማን ሊሸጥ እንደ ተፈቀደ ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን መሣሪያ ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጋር ያመሳስሉታል። ሁለቱም በሙቀት ያትናሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሚተነው ነገር ነው። በ2019 በአሜሪካ የሐሺሽ ዘይት የተሞሉ የማትነኛ ዕቃዎችን ያጨሱ ሰዎች በብርቱ የሳንባ ሕመም መውደቅ ጀመሩ፤ እስከ የካቲት 2020 ድረስ ከ2,800 የሚበልጡ ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዘገበ፣ ከእነዚህም ውስጥ 68ቱ የሞቱ ነበሩ። በምርመራ በዋናነት የተጠረጠረው ዘይቱን ለማወፈርና ለማብዛት ሻጮች የቀላቀሉት የቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። ይህ ነገር ቢዋጥ ወይም በቆዳ ላይ ቢቀባ ጉዳት አያደርስም ተብሎ በየመደብሩ የሚሸጥ ነው፤ ወደ ሳንባ በተን መልክ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ኒኮቲን መሣሪያዎችን ማስመጣትና መሸጥ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ተከልክሏል። በትንፋሽ የሚወሰድ መድኃኒት ግን በመድኃኒትነቱ በባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ የሚገባ ስለ ሆነ፣ አስመጪዎች የሁለቱን ዕቃዎች ሰነድ በአንድ ስም እንዳያቀርቡ እናሳስባለን።