ከሕዋስ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለመለካት እጅ ምን መማር አለበት?

እንደሚታወቀው ልባችን የሚመታው፣ ጡንቻችን የሚኮማተረውና ነርቮቻችን መልእክት የሚያስተላልፉት በኤሌክትሪክ አማካይነት ነው። ይህ ኤሌክትሪክ ግን እንደ መብራት ሽቦ በኤሌክትሮኖች ሳይሆን፣ የሕዋስን ሽፋን አቋርጠው በሚገቡና በሚወጡ እንደ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ባሉ አዮኖች የሚፈጠር ነው። አዮኖቹ የሚያልፉባቸው ከፕሮቲን የተሠሩ ቀዳዳዎች «የአዮን ቦዮች» ይባላሉ። በአንዲት ቦይ የሚያልፈው ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ፒኮአምፔር፣ ማለትም የአንድ አምፔር ጥቂት ትሪሊዮንኛ ብቻ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ያነሰ ፍሰት እንዴት መለካት ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1939 አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በእንግሊዝ አገር፣ በፕሊመዝ ከተማ በሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ማኅበር ቤተ ሙከራ፣ ስኩዊድ ከተባለ የባሕር እንስሳ በተወሰደ የነርቭ ክር ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገብተው የነርቭን ምልክት ከውስጥ ለኩ። ይህ የተቻለው የክሩ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ነው። አብዛኛዎቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ያንሳሉ። በመሆኑም ሌላ ዘዴ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1976 ጀርመናውያኑ ኤርቪን ኔኸርና በርት ዛክማን ጫፉ ጥቂት ማይክሮ ሜትር ብቻ የሆነ የብርጭቆ ቱቦ በእንቁራሪት ጡንቻ ሕዋስ ላይ ገጥመው የነጠላ ቦዮችን ፍሰት መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1991 ለኖቤል ሽልማት ከበቁት ከእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ኔኸር በመጀመሪያ የተማረው ፊዚክስ ነበር።

ሁካታውና ምልክቱ

በማንኛውም ሬዚስታንስ (ፍሰትን የሚቋቋም አካል) ውስጥ በሙቀት ምክንያት የሚፈጠር የፍሰት መዋዠቅ አለ። ይህን ሁካታ እንበለው። በቱቦው ጫፍና በሕዋሱ ሽፋን መካከል ያለው መገጣጠሚያ 50 ሜጋ ኦም ቢሆን፣ እስከ 1000 ኸርዝ ባለው የድግግሞሽ ክልል ሁካታው 0.6 ፒኮአምፔር ያህል ይሆናል። የአንዲት ቦይ ፍሰት 2 ፒኮአምፔር ቢሆን ምልክቱን ከሁካታው መለየት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ግን የቱቦው ጫፍ ፍጹም ንጹሕ ሲሆንና በዝግታ ወደ ውስጥ ሲሳብ፣ መገጣጠሚያው ከ10 ጊጋ ኦም (10 ቢሊዮን ኦም) በላይ እንደሚደርስ ታወቀ። ሬዚስታንሱ 200 እጥፍ ሲያድግ ሁካታው በዚሁ ቁጥር ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ14 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል።

ጀማሪው ተመራማሪ የሚማረው

ስሌቱን በአንድ ሰዓት መማር ይቻላል። መገጣጠሚያውን በእጅ መፍጠር ግን የሳምንታት ልምምድ ይጠይቃል። ጀማሪው በመጀመሪያ የሚለማመደው በሕያው ሕዋስ ላይ ሳይሆን ከሬዚስተርና ከካፓሲተር በተሠራ ሰው ሠራሽ ሕዋስ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ሰርኪዩት መልስ አስቀድሞ ይታወቃል። ቀጥሎ ቱቦውን በሙቀት ስቦ ማቅጠንን ይማራል። ከዚያም ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ሁካታ ምንጭ ለማግኘት መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ማጥፋትን፣ የመሬት ሽቦዎችንም በአንድ ነጥብ ማገናኘትን ይለማመዳል። በመጨረሻም በቱቦው ላይ 5 ሚሊ ቮልት እያሳረፈ ወደ ሕዋሱ ይቀርባል። የቱቦው ሬዚስታንስ 5 ሜጋ ኦም ከሆነ በኦም ሕግ መሠረት 1 ናኖአምፔር ያልፋል። መገጣጠሚያው 10 ጊጋ ኦም ሲደርስ ግን ፍሰቱ ወደ 0.5 ፒኮአምፔር ይወርዳል። ከስክሪኑ ላይ ይህን ለውጥ እያነበቡ የእጅንና የመሳብን ኃይል መመጠን ዋናው ክህሎት ነው።

ይህ ክህሎት ቢጎድል ምን ይከተላል? አንዳንድ መድኃኒቶች በልብ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝን አንድ ዓይነት የፖታሲየም ቦይ በመዝጋት የልብን ምት አደገኛ በሆነ መንገድ ሊያዛቡ ይችላሉ። በመሆኑም አዳዲስ መድኃኒቶች በዚህ ቦይ ላይ ይፈተሻሉ። በፈተሻው ወቅት መገጣጠሚያው ቢላላና ተመራማሪው ባያስተውል፣ በክፍተቱ የሚያልፈው ፍሰት ከቦዩ ፍሰት ጋር ይደመራል። መድኃኒቱ ቦዩን ዘግቶት እያለ ያልዘጋው ሊመስል ይችላል። ስሌቱ ትክክል ሆኖ መደምደሚያው ግን ስሕተት ይሆናል።

የሆጅኪንና የሃክስሊ ሥራ የተከናወነበት የፕሊመዝ ቤተ ሙከራ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ጥበብ በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበትን ሥልጠና ማስተናገዱ አያስደንቅም። የሥልጠናው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 በመጽሐፍ መልክ ታትሟል።

ውድ ተማሪዎች፣ የዚህን ትምህርት መሠረት በትምህርት ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የ1.5 ቮልት ባትሪን ቮልቴጅ በዲጂታል መልቲሜትር ለኩ። ቀጥሎ የ10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በባትሪውና በመልቲሜትሩ መካከል በተከታታይ አገናኙና ደግማችሁ ለኩ። የብዙዎቹ መልቲሜትሮች የውስጥ ሬዚስታንስ 10 ሜጋ ኦም በመሆኑ ንባቡ ወደ 0.75 ቮልት ይወርዳል። ባትሪው አልተለወጠም፤ መለኪያው ራሱ የሰርኪዩቱ አካል ሆኗል። ይህን በእጁ ሠርቶ ያየ ተማሪ፣ አንድን ንባብ ከመቀበሉ በፊት መሣሪያውን መጠየቅ ይለምዳል።